በጋቢ ጫፍ የተቋጠረ ምስጢር

ምስጢር በእኛ አገር ብቻውን አይጓዝም፤ «ለማንም እንዳትነግር» የሚል አጃቢ ይመደብለታል። ወሬው ከሙጃ ገበያ ይነሳና በመንገደኛ አፍ እየተቀባበለ ላሊበላ እስኪገባ ድረስ በዐርባ ሰው ጆሮ ያልፋል። ዐርባዎቹም ወሬው ላይ የየራሳቸውን ቢጨምሩበትም፣ አደራዋን ግን አንዲት ቃል ሳያጎድሉ ያስተላልፋሉ። ስለዚህ አገር ምድሩ የሚያውቀው ጉዳይ ደንበኛ ምስጢር እንደሆነ ይኖራል። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት አባቶቻችን እንዲህ ያለውን መንገደኛ ሸኝተው የተመለሱ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ላስታ ውስጥ እውነትም የሚጠበቅ። የክርስትና ስም። ሰው መጠሪያ ስሙን ገበያም ቀበሌም ይዞት ይዞራል፤ በጥምቀት የወጣለትን ስም ግን «መተተኛ እጅ እንዳይገባ» ብሎ ይሸሽገዋል። እናት ታውቀዋለች፤ የንስሐ አባት ያውቀዋል፤ የሚቆርብ ሰው ለካህኑ ሹክ ይለዋል፤ በቃ። ዐደባባይ የሚወጣው ባለቤቱ ሞቶ ፍትሐት ሲደረግለት ነው፤ ያን ጊዜ መተተኛውም ቢሰማው የሚያገኘው ነገር የለም። ሃያ ዓመት የድንጋይ አጥር የምንጋራው፣ በዚያው አጥርም ሃያ ዓመት የምንጨቃጨቀው ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ፣ የጓዳዋን ሁሉ ዘርዝራ ብትነግራችሁ እንኳ ይህቺን አትነግራችሁም።

እኔ ከቅዳሜ ገበያ ከፍ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የሠርግ ካርድ አትማለሁ፣ ስልክ እጠግናለሁ። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምሬ ስለተመለስኩ አልፎ አልፎ ትንንሽ መተግበሪያም እሠራለሁ። የሚጠቀምባቸው ሰው አግኝቻለሁ ብዬ ግን አልዋሽም። ከአንድ ሰው በቀር።

እሳቸውም የንስሐ አባቴ መምሬ አስረስ ናቸው። ሰባን ዘለዋል። ከገነተ ማርያም ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ አጥቢያ ያገለግላሉ፤ የንስሐ ልጆቻቸው ግን ላሊበላም አሉ፣ እስከ ሙጃ ድረስም ተበትነዋል። የልጆቻቸውን ስምና የሰጧቸውን ቀኖና የሚጽፉበት አንድ ደብተር ነበራቸው፤ እሱን አይጥ በላው። ከዚያ በኋላ በቃል ብቻ ለመያዝ ሞከሩና አንድ ቀን ጠላ እንኳ የማትቀምሰዋን እትዬ ዘውዴን «ልጄ፣ አረቄውን ተውሽው ወይ?» አሏት። እትዬ ዘውዴ ሦስት ሳምንት አኮረፈች። የአረቄው ባለቤት ሳይጠየቅ ቀረ። እኔ አይደለሁም፤ ብቻ እንዳትጠረጥሩኝ።

ይህን ስሰማ «አባቴ፣ እኔ በስልክዎ ላይ ደብተር እሠራልዎታለሁ» አልኳቸው። ሠራሁትም። የንስሐ ልጁ መጠሪያ፣ የክርስትና ስሙ፣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ የተሰጠው ቀኖና። ኃጢአቱ አይጻፍም፤ መምሬ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ነገር ግን ቀኖናውን አይቶ ኃጢአቱን መገመት ለላስታ ሰው ምን ያቅተዋል?

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ሙያዬ ታገሡኝ። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች መረጃቸውን የሚያኖሩት ሩቅ አገር ባለ ኮምፒውተር ነው፤ ለመክፈት ኔትወርክ ያስፈልጋል። የእኛ ኔትወርክ ደግሞ ጠባዩን ታውቁታላችሁ፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፣ የሚጠይቀውም የለም። ስለዚህ እኔ የተጠቀምኩት ከመተግበሪያው ጋር እዚያው ስልኩ ውስጥ የሚኖር የመረጃ ቋት ነው። ትንሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ መላ ሰውነቱም አንድ ፋይል ነው። በሩ ላይ አራት ቁጥር የምትጠይቅ መቆለፊያ አደረግሁና «ተቆልፏል፣ አባቴ፤ አያስቡ» አልኳቸው። እሳቸውም አመኑኝ። ሰው የንስሐ ልጁን ካላመነ ማንን ያምናል?

ከጥቂት ወራት በኋላ መምሬ ስልኩን ይዘው መጡ። «ይኸም እንደ ደብተሩ ቢበላሽስ?» አሉ። ነገሩ እውነት ስለሆነ ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኝቼ ያችን ፋይል ቀዳሁ፤ ስሟንም «ለማንኛውም» አልኳት። ከዚያ በትክክል መቀዳቷን ላረጋግጥ ብዬ በተራ የጽሑፍ ማንበቢያ ከፈትኳት። ምን ባይ ጥሩ ነው? ከዝብርቅርቁ መሐል ስሞቹ በደህና አማርኛ ተሰልፈው ቁጭ ብለዋል። መጠሪያው፣ የክርስትና ስሙ፣ ቀኖናው። የእኔ መቆለፊያ በሩን እንጂ ቤቱን አልቆለፈም ለካ፤ ፋይሏን የቀዳ ሰው በሩን ሳይነካ በመስኮት ይገባል።

ወዲያው መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁም። መጀመሪያ የፈለግሁት የራሴን ነው። ከስሜ ጎን እንዲህ ይላል፦ «አርባ ስግደት ሰጠሁት። ሃያ ሁለት የሰገደ ይመስለኛል።» የሰገድኩት አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ መምሬ ሰው ላይ ክፉ አይገምቱም። ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። አሥራ አንድ ስም አነበብኩ። አሥራ አንደኛዋ እትዬ ዘውዴ ነበረች። እንደ ሌባ ዘወር ብዬ በሩን አየሁና ዘጋሁት።

መምሬ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። «አባቴ፣ ዋሽቼዎታለሁ፤ ክፍት ነበር» ማለት ሲገባኝ፣ «ማሻሻያ መጥቷል፤ ቁልፉን ላጠንክርልዎ» አልኳቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ፤ ቀድሞ በችኮላ የሠራሁትን አሁን እንደገና ልታጠቅ ነው።

ማመስጠር ማለት፣ ባጭሩ፣ ፋይሉ ራሱ ትርጉም የለሽ ዝብርቅርቅ ይሆንና ትክክለኛውን የይለፍ ቃል ላስገባ ብቻ ወደ አማርኛ ይመለሳል ማለት ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። ጭንቁ ቁልፉን የት እናስቀምጠው የሚለው ነው። ስልኩ ውስጥ ካስቀመጡት፣ ቤት ቆልፎ ቁልፉን ደጃፍ ድንጋይ ሥር እንደ መተው ነው፤ እኔ ዘንድ ካስቀመጡት ደግሞ፣ ያው እኔን አያችሁኝ። የሚሻለው የባለቤቱ ራስ ውስጥ ነው።

«አባቴ፣ አንድ ቃል ይምረጡ። ከመጽሐፍ የማይገኝ፣ ለማንም ነግረውት የማያውቁት፣ ግን የማይረሱት። ለእኔም እንዳይነግሩኝ።»

«እግዜርና እኔ ብቻ የምናውቀው?»

«አዎን። ቢረሱት ደግሞ እኔም ልከፍትልዎ አልችልም።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ቀስ ብለው መጻፍ ጀመሩ። ብዙ ቆዩ። እኔ የጣታቸው ዝግታ መስሎኝ ነበር።

ወር ሳይሞላ መምሬ ለዓይናቸው ሕክምና ወልድያ ደርሰው ሲመለሱ ስልኩ የለም። ስልክ የሚይዙት እንደ ጥንቱ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ነው። ጋሸና መኪና ለመቀየር ወርደው፣ ምሳ ቀምሰው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሲለብሱ ቋጠሮው ሳይፈታ አልቀረም። በማግሥቱ ጠዋት ሱቄ ድረስ መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ልጄ፣ ስለ ስልኩ አይደለም» አሉ። «እኒያ ሰዎች ስማቸውን የሰጡኝ እኔን አምነው ነው። ይኽ ስም ጋሸና ሻይ ቤት ቢወራ፣ ነገ ማነው ለንስሐ የሚጠራኝ? በምን ዓይኔስ ዓይናቸውን አያለሁ?»

እኔም «አይጨነቁ፣ ተመስጥሯል» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ወዲያው ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ። እስቲ አስቡት፤ አንድን የላስታ ቄስ «እግዜርና አንተ ብቻ የምታውቁትን ቃል ስጥ» ስትሉት ምን የሚሰጣችሁ ይመስላችኋል? የክርስትና ስሙን ነዋ! ከዚያ የጠበቀ ምስጢር ምን አለው? ችግሩ ግን ይኸው ነው። ለሰው እጅግ የተሰወረው ይህ ስም፣ ለገማች እጅግ ቀላሉ ነው። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ እያሉ ከፊት ማስቀደም፤ ማርያምን፣ ሚካኤልን፣ መድኅንን፣ ሥላሴን ከኋላ ማስከተል። ትዕግሥት ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ይጨርሳቸዋል። ይህን ለመምሬ አልነገርኳቸውም፤ የእኔ ጭንቀት ይበቃል ብዬ ነው። ወይም ደግሞ ፈርቼ ነው።

ስደውል ስደውል አልጠራ ያለው ስልክ ረፋድ ላይ ኔትወርክ ሲመለስ ተነሳ። «ሰይድ እባላለሁ፤ ጋሸና ስልክ እጠግናለሁ። ይኸ ስልክ የአባባ ነው አይደል? ኑ፣ ውሰዱት» አለን። ሱቄን ቆለፍኩና ከመምሬ ጋር ተሳፈርን። መንገዱን ሁሉ መምሬ በልባቸው ይጸልያሉ፤ እኔ ደግሞ በልቤ ገብረ እገሌ፣ ወልደ እገሌ እያልኩ እገምታለሁ። ለነገሩ ሁለታችንም ስም ጠሪዎች ነበርን።

ሰይድ ሱቁ ከምግብ ቤቱ ጋር የተያያዘ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ጎልማሳ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ የነበሩት የጭነት መኪና ሾፌሮችም፣ ባለቤቷም፣ መምሬን ሲያዩ ብድግ አሉ፤ መስቀል ተሳለሙ። እኔ ግን ዓይኔ የሰይድ ኮምፒውተር ላይ ተተክሏል። የመምሬ ስልክ በኬብል ተሰክቷል። ፋይሏም ተከፍታለች!

«ባትሪው ሞቶ ነበር ያመጡልኝ» አለ ሰይድ። «ወላሂ አባባ፣ ለክፋት አይደለም፤ ባለቤቱን ለማወቅ ብዬ ነው። እንደውም ልቤ ውስጡን ለማየት ትንሽ ቋምጧል፣ አልዋሽም። ግን ፋይሉ ተበላሽቷል መሰለኝ፤ እዩት።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ምልክት በምልክት ላይ፣ ቁጥር በቁጥር ላይ፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ የሚነበብ ፊደል የለም። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ዝብርቅርቅ አላየሁም። ነፍሴ ግን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበረች።

«ቃሉንስ አልሞከርክም?» አልኩት ድምፄን ለዘብ አድርጌ።

«ኧረ ሞክረናል!» ብላ የምግብ ቤቷ ባለቤት ከምድጃዋ በኩል ተቀበለችው። ነገሩ እንዲህ ነበር። የቄስ ስልክ መሆኑ ሽፋኑ ላይ ካለው ሥዕል ታወቀ። የይለፍ ቃል ሲጠይቅ አንዱ ሾፌር «የክርስትና ስማቸው ይሆናል» አለ። ሰይድ «እኔ የእናንተን የክርስትና ስም ከየት አውቄ?» ሲል፣ ቤቱ በሙሉ ሥራውን ትቶ ሊያግዘው ተነሳ። «ገብረ ማርያም በል!» «ኧረ ኃይለ መስቀል ነው!» «ወልደ ሩፋኤልን ሞክር!» እያሉ ሾፌሮቹ ሲጠቁሙት፣ ሰይድ ሲጽፍ፣ የትናንቱ ከሰዓት በኋላ አለቀ። በየመሐሉ ስሕተት ሲበዛበት መተግበሪያው «ትንሽ ጠብቅ» ሲላቸው አንድ አንድ ሻይ ይጠጣሉ። እኔ ትዕግሥት ላለው አንድ ክፉ ሰው ስሰጋ፣ አሥር ደጋግ ሰዎች ተባብረው ሥራውን ሠርተውታል።

ሴትየዋ የሞከሯቸውን ስሞች ለመምሬ በጣቷ እየቆጠረች ነገረቻቸው። በአንደኛው ስም ላይ መምሬን ድንገት ሳል ያዛቸው። የትኛው ላይ እንደሆነ አልነግራችሁም።

ስሙ ተገምቷል፤ በሩ ግን አልተከፈተም። መምሬ ስልካቸውን ተቀብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ብዙ ጻፉ። ከዚያ ዘወር ብለው «ሁሉም አሉ» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም እፎይ ስል ድምፄ ቤቱን ሞላው።

ሰይድን መርቀው ሲያበቁ፣ ውጭ መኪና ስንጠብቅ «አባቴ፣ እንግዲያ ቁልፉ ምንድን ነው? ቃሉን ሳይሆን ዓይነቱን ብቻ» አልኳቸው።

ትንሽ አፈሩ። «አንዲት ጉባኤ ቃና ናት» አሉ። ጉባኤ ቃና፣ ለማያውቅ፣ ባለ ሁለት ቤት አጭር ቅኔ ነው። «ቅኔ ተማሪ ሳለሁ ለልደት ብዬ የቆጠርኋት። ተራዬ ሳይደርስ ማሕሌቱ አለቀ። ለከርሞ እንዳላመጣት ደግሞ ቅኔ ለዕለቱ ነው እንጂ ያደረ አይቀርብም። ይኸው ሃምሳ ዓመት በሆዴ ቀረች። ማንም አልሰማትም።» ከዚያ ስልኩን እያዩ ፈገግ አሉ። «አሁንማ በየቀኑ ሰሚ አገኘች።»

የይለፍ ቃል ረጅም ይሁን፣ ከመጽሐፍ የማይገኝ ይሁን፣ የማይረሳ ይሁን እያልን የምንለፈልፍ ባለሙያዎች፣ ከዚህ የተሻለ እስካሁን አላሰብንም። ደስ ብሎኝ ልስቅ አፌን ስከፍት ሰይድ ከሱቁ ብቅ አለና በቅንነት ጠየቀኝ።

«ለመሆኑ ሌላ ቅጂ የላችሁም? ቢጠፋ ምን ልትሆኑ ነበር?»

ሳቄ ደረቀ። ሌላ ቅጂማ አለ! «ለማንኛውም»! ሳትመሰጠር የቀዳኋት፣ በደህና አማርኛ የተጻፈችው፣ የሱቄ ኮምፒውተር ላይ እንደ ተቀመጠች ነች። ያ ኮምፒውተር ደግሞ የእኔ ይባል እንጂ የአገር ነው። ማመልከቻ የሚያጽፈውም፣ ፎቶ የሚፈልገውም ራሱ ቁጭ ብሎ ይጎረጉራል። ጋሸና ድረስ የሰው እጅ ልፈትሽ ስሄድ፣ የራሴን እጅ ረስቻለሁ።

የመመለሻውን ሁለት ሰዓት መንገድ ከንስሐ አባቴ ጎን ተቀምጬ እንዴት እንደ ተጓዝኩት አትጠይቁኝ። እሳቸው በእፎይታ እንቅልፍ ወስዷቸው ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ አርፏል። አንዴ ነቅተው «ልጄ፣ አንተን የሰጠኝ አምላክ ይመስገን» አሉኝ። በዱላ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሱቁን ከፍቼ ኮምፒውተሩን አበራሁ። «ለማንኛውም» በእድር ደንብና በአንድ የሠርግ ካርድ መሐል ተወሽቃ አለች። መጨረሻ የተከፈተችበትን ቀን አየሁ። ያው እኔ አሥራ አንዱን ስም ያነበብኩበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካትም፤ ነክቷትም ቢሆን በምን እንደምትከፈት ስለማትናገር ሰልችቶት ትቷታል። የአገሬ ሰው ወሬ ይወዳል እንጂ ወሬ ፍለጋ ሁለቴ መጫን አይወድም። ተመስገን! አጠፋኋት፤ ማንም እንዳይመልሳትም በነበረችበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ጻፍኩ። ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ።

መምሬ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። «ምን ሆነህ ነው፣ ላብ ያጠመቀህ?»

እዚያው ተንበረከክሁ። «አባቴ፣ ይፍቱኝ።» ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ ክፍት እንደነበረ፣ ማሻሻያ ብዬ እንደዋሸሁ፣ ቅጂዋን፣ አሥራ አንዱን ስም። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ሰበርኩ።

«ያየኸውን መርሳት ትችላለህ?»

«አልችልም፣ አባቴ።»

«እንግዲያማ የሰው የክርስትና ስም የሚታወቀው ለጸሎት ነው። ካወቅኸው ጸልይበት። አሥራ አንዱንም በየማለዳው እየጠራህ ምሕረት ለምንላቸው። ስለ ውሸቱ ደግሞ ስልሳ ስግደት።» መስቀላቸውን አሳለሙኝና «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ። ያን ጊዜ ነው ነፍሴ ከጋሸና የደረሰችው።

ከዚያ ስልካቸውን ከጋቢያቸው ጫፍ ፈቱ፤ አሁን ሁለቴ ነው የሚቋጥሩት። ወደ ግድግዳው ዞረው ቅኔያቸውን ካስገቡ በኋላ ስለ እኔ መጻፍ ጀመሩ። ብዙ ጻፉ። አንዴ ቆም ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ፤ እንደገና ጻፉ።

«አባቴ፣ ምን ጻፉብኝ?»

«ተመስጥሯል፣ ልጄ» አሉና ቋጠሩት።

ይኸው እኔም በገዛ እጄ በሠራሁት መቆለፊያ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ምን እንደተጻፈብኝ ሳላውቅ እሞታለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይላል። ጸሎቱን አላቋረጥኩም። ጠዋት በክርስትና ስሟ ጠርታችሁ ምሕረት የለመናችሁላትን ሴት ረፋድ ላይ ስለ አጥር ድንጋይ መጨቃጨቅ እንዴት እንደሚከብድ ሞክራችሁ እዩት። እትዬ ዘውዴ «ይኸ ሰውዬ ምን ነካው?» እያለች ለሰው ሁሉ ታወራለች አሉ፤ ለማንም እንዳትነግሩ ብላ።

ስግደቱን በተመለከተ፣ ከስልሳው ሠላሳ አራቱን ሰግጃለሁ። ይህን እስካሁን የነገርኩት ለእናንተ ብቻ ነው። አደራ እንግዲህ፤ እናንተ እንደሆነ አልተመሰጠራችሁም።